«ዛሬ ቅዳሴ አለ እንዴ?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከመንዝ ነው የመጣልኝ። ጸሐፊው የ28 ዓመት ወጣት ነው፣ የአጥቢያው ሰንበት ት/ቤት ሰብሳቢ። የሱንም የደብሩንም ስም አስቀርቼዋለሁ፣ ረጅም ስለሆነም ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። እኔ ልጅ እያለሁ ሰንበት ት/ቤታችን ውስጥ ከ60 በላይ ነበርን፣ ቤቱ አልበቃ ብሎን መዝሙር ውጪ ዛፍ ስር ነበር የምናጠናው። አሁን 7 ነን፣ ከ7ታችን 3ቱ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብተው በወር አንዴ ቢመጡ ነው። ለንግሥ ሕዝቡ ይጥለቀለቃል፣ በሳምንቱ ሲታይ ማንም የለም። እሑድ የሚያስቀድሰው ሽማግሌና ባልቴት ነው፣ ልጅ ከተባለ አንድ የ9 ዓመት እረኛ አለ፣ ቀድሞ መጥቶ ደወል የሚደውል። ቅዳሴውም አንዳንዴ ይታጎላል። መዝሙሩም ስብከቱም ሕይወት የለውም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ ጊዜ ወንጌል ከተነበበ በኋላ ነው የምደርሰው። ሕዝቡን እንቀስቅስ ብለን የ3 ቀን ጉባኤ አስበናል፣ ከአዲስ አበባ ታዋቂ ሰባኪና ዘማሪ ለማምጣት 150 ሺህ ብር አሰባስበናል፣ ባነሩም ታትሟል። አስተዳዳሪው ግን ብሩ ለአዲሱ ሕንፃ ጉልላት ይሁን ብለው ተኮራርፈናል። ደክሞኛል። ሁሉን ትቼ ደብረ ብርሃን ልግባ ይሆን፣ እዛ ያሉት ደብሮች ሞቅ ያሉ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ለምን እንዲህ ቀዘቀዘች?»

ሰላም ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፣ መጀመሪያ ሳነበው ልቤ ጉባኤው ላይና ብሩ ላይ ነበር፣ በሁለተኛው ግን አንዲት አጭር ነገር ላይ ስደርስ ቆምኩ፣ አንተ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሃት ያለፍካት፣ «ቅዳሴውም አንዳንዴ ይታጎላል» የምትለዋ። ኧረ በሞቴ! እሷ ናት እኮ ዋናዋ፣ ወጣቱ ቀዘቀዘ፣ መዝሙሩ ሕይወት አጣ፣ ሕዝቡ ለንግሥ ብቻ ነው የሚመጣው ያልከው ሁሉ የሷ ተከታይ ነው።

ለምን እንደሚታጎል አልነገርከኝም፣ እኔም የዛው አገር ልጅ ነኝና መገመት አያቅተኝም። ቅዳሴ ሲያንስ ሲያንስ 5 ልዑካን (የሚቀድሱ አገልጋዮች) ይፈልጋል፣ 2 ቄስ 3 ዲያቆን። ቄሶቹ አርጅተውም ቢሆን እንደምንም አሉ። የጠፋው ዲያቆን ነው። አንዱ አዲስ አበባ ገብቶ ቀረ፣ አንዱ ፋብሪካ በሺፍት ነው የሚሠራው፣ ሦስተኛው ለሁለት ለሦስት ደብር ተከፋፍሎ የሚሮጥ ነው። ተሳሳትኩ?

አምና ኅዳር ላይ ለዘመድ ተዝካር ወደዛው ወጥቼ እሑድ ላስቀድስ ሄድኩ። ውርጩ ሳሩ ላይ እንደ ጨው ነጭ ብሏል፣ ሴቶቹ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቅጥሩ ስር ተቀምጠዋል። ሁለቱ ቄሶች አሉ፣ ሁለት ዲያቆናትም አሉ፣ ሦስተኛው ከማዶ ቀበሌ ነበር የሚመጣው። ቄሰ ገበዙ ቤተልሔሙ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ዳገቱን ያያሉ፣ ይደውላሉ፣ ደንበኛው አይገኙም ትላለች ሴትየዋ፣ እንደገና ይደውላሉ፣ እንደገና እንደዛው። በመጨረሻ ኪዳን (ከቅዳሴ በፊት ያለው የጠዋት ጸሎት) ብቻ ተደርሶ ሕዝቡ ተሰናበተ። አጠገቤ የነበሩት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ሊያቆርቡ ከቆላው በኩል ሁለት ሰዓት ሽቅብ ወጥተው ነው የመጡት። አላጉረመረሙም። መቀነታቸውን ፈተው አጥብቀው አሰሩ፣ ልጁን አዘሉና ቁልቁል ወረዱ፣ በቃ።

እና በሚቀጥለው እሑድ እኚህ እናት ከመነሳታቸው በፊት ጎረቤታቸውን ምን ብለው የሚጠይቁ ይመስልሃል? «ዛሬ ቅዳሴ አለ እንዴ?» ነው የሚሉት። እኔ ቤተ ክርስቲያን መቀዝቀዝ የምትጀምረው እዚች ጥያቄ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሰው እምነቱን ጥሎ አይደለም የሚቀረው፣ አለ ወይስ የለም ብሎ እያመነታ ነው፣ አንድ እሑድ በከንቱ ወጥቶ ይመለሳል፣ ሁለተኛውን ቤቱ ይጸልያል፣ ሦስተኛው ላይ ጤፉን ያበራያል፣ ልጁ ደግሞ አባቱን አይቶ እሑድ ማለት የእርሻ ቀን ነው ብሎ ያድጋል። ለንግሥ የሚጥለቀለቀው ለምን ሆነና፣ ንግሥ እርግጠኛ ነዋ! ታቦቱ እንደሚወጣ፣ ቄሶች ከየደብሩ እንደሚሰበሰቡ ሁሉም ያውቃል።

ቲክቶኩን፣ ፌስቡኩን፣ ስልኩን ተወው እባክህ። ያሰለቸኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን መቀዝቀዝ በተነሳ ቁጥር ስልክ ይከሰሳል። ያ ልጅ ስልክ ላይ የተጣደው እሑድ ጠዋት የሚይዘው ጃንጥላ፣ የሚያነበው መልእክት፣ የሚቆምበት ተራ ስለሌለው ነው።

አንድ ነገር ላንሳልህ፣ ከኛው አገር ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ሰውየው ደብረ ሊባኖስን ጠርጥሮ በዛው ዓመት ግንቦት ላይ መነኮሳቱን አስፈጃቸው፣ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያነሳው ከጥቂት ቀን በኋላ የሆነውን ነው፣ ዲያቆናቱን ወደ ደብረ ብርሃን አስመጥቶ እንገጫ ላይ አስረሸናቸው፣ 129 ዲያቆን ብሎ በራሱ ቴሌግራም ወደ ሮማ ሪፖርት አደረገ፣ ገዳሙም ለዘለዓለም ተዘግቷል አለ። ትልልቆቹን መነኮሳት ገድሎ ለምን አልበቃውም? ሰውየው ክርስትናችንን ይጥላ እንጂ አሠራሩን ግን ገብቶታል፣ ሽማግሌውን ገድለህ ልጁን ብትተው ነገ እንደገና ይቀደሳላ! እሱ ቆጠራቸው። እኛ ዲያቆኖቻችንን ቆጥረን እናውቃለን? የደብራችንን የቆርቆሮ ብዛት እኮ እናውቃለን፣ ለጉልላቱ ስንት ብር እንደጎደለም እናውቃለን።

ደግሞ ለዘለዓለም ተዘጋ የተባለው ገዳም አልተዘጋም፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ (የመነኮሳቱ አለቃ) የነበሩት አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ፣ 22 ዓመት ነው ልዩነቱ። እና መከራ አይደለም ቤተ ክርስቲያንን የሚያቀዘቅዛት፣ ግራኝም በ1523 ዓ.ም እዛው ገዳም ላይ እሳት ለቆበት ነበር፣ ተመልሶ ቆመ። (አሁን ያለው የጸጥታ ችግር በሌሊት ሰዓታት መቆም ያስቸገረበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ፣ እሱን ላንተ ልነግርህ አልችልም፣ ኑሮህ ነው። አንተ የጻፍክልኝ ቅዝቃዜ ግን ከዛ በፊት የጀመረ ነው።)

እሺ ዲያቆኑን ማን ወሰደው? ነገሩ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ድሮ አገልጋዩ የሚበላው ከሰሞን መሬት ነበር፣ መሬቱን ይዞ ሰሞኑን ያገለግላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ሲባል ያ ቀረ። የድሮው ይመለስ ማለቴ አይደለም፣ በገባሩ ላይ ስንት ግፍ ነበረበት፣ አያቴ ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ግን በዛች ቀን የካህኑ እንጀራ ከመሬቱ ወደ ምእመኑ ኪስ ተሻገረ፣ ሰበካ ጉባኤም ቃለ ዓዋዲም (የቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ) ከዛ በፊት በ1965 ዓ.ም ወጥተው ነበር፣ ወረቀቱ ነበረ፣ ምእመኑን ግን «ከእንግዲህ ያንተ ነው» ብሎ ቁጭ አድርጎ የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቄሱ የሚኖሩት የሆነ ቦታ ካለ ነገር ነው ብለን እናስባለን። የኔታውም እንደዛው፣ የኔታ ሲሞቱ ወይ ከተማ ሲገቡ ማንም አልተካቸውም፣ ፊደል የሚያስቆጥር ከሌለ ዳዊት የሚደግም የለም፣ ዳዊት ያልደገመ ልጅ ዲያቆን አይሆንም፣ ይኸው ነው ሰንሰለቱ። ፋብሪካው የወሰደው የመጨረሻዎቹን ነው እንጂ ምንጩ የደረቀው ቀድሞ ነው።

የጓሳን የሳር ሜዳ ነገር ታውቃለህ አይደል፣ እናንተው ጋ ነው። ሳሩ ለዘመናት በቀሮ ደንብ ይጠበቅ ነበር፣ ሁሉም ጠባቂ ነው ሁሉም አጫጅ ነው፣ ሲዘጋ ይዘጋል ሲከፈት ይከፈታል። የ1967ቱ አዋጅ ያንንም አፈረሰው፣ ያኔ ሳሩ የማንም ሆነ፣ የማንም ሲሆን ደግሞ ያገኘ ሁሉ ያጭደዋል። በኋላ ግን የአካባቢው ሰው ራሱ ተሰብስቦ ደንብ አወጣና መለሰው፣ ዛሬ ፈረንጅ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ይመጣበታል። የመንዝ ሰው ለሳር ያደረገውን ለዲያቆን ማድረግ ያቅተዋል ብዬ አላምንም መቼም።

የኔ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ሕዝቡ ድርሻው ተወስዶበታል። ይወሰድብኝ ብሎም አይደለም፣ እንዲቀለው ተብሎ ነው። እናቴ (ነፍሷን ይማርና) ጧፍ ተራዋ ሲደርስ ቤታችን ከሳምንት በፊት ነበር የሚጀምረው። ጥጡን ትፈትላለች፣ ክሩን ከአልጋው እግር እስከ በሩ ትወጥረዋለች፣ አንዱን ጫፍ እኔ ነኝ የምይዘው፣ ከዛ ሰሙን እሳት ዳር አለስልሳ በመዳፏ እያሸች ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች፣ ቤቱ ማር ማር ይሸታል፣ እኔ እጄ ዝሎ ክሩን ካላላሁ ትቆጣኛለች፣ «ቀጥ አርገህ ያዝ፣ ለማን መሰለህ!» ትለኛለች። እሑድ ቅዳሴ ላይ ታዲያ ዓይኔ ይንከራተታል፣ የኛ የቱ ነው እያልኩ፣ ከዲያቆኑ እጅ ላይ የኛን ጧፍ የለየሁ እየመሰለኝ በኩራት የምሞተው ሞት! ስንዴውንም እንደዛው ነበር፣ ለመሥዋዕት የሚሆነውን አንድ በአንድ ለቅማ። እኔ ቤተ ክርስቲያን የኔ ናት የሚለውን ነገር በስብከት አልተማርኩትም፣ ያን ክር ይዤ ነው የተማርኩት።

አሁን ጧፉም ዕጣኑም ዘቢቡም ከሱቅ ነው፣ ሰበካ ጉባኤው በደረሰኝ ገዝቶ ያስገባል። ይቀላል፣ ንጹሕም ነው፣ ጥፋተኛ የለበትም። ግን በየቤቱ ክር የሚይዝ ልጅ ቀረ። ሰንበቴውም ሲከስም፣ ጽዋው ወደ ሆቴል ሲገባ፣ መዝሙሩ ከሞንታርቦ ሲለቀቅ እንደዚሁ ነው፣ ሁሉም በየራሱ ትንሽ ነገር ነው፣ ሲደመር ግን ሕዝቡ ባለቤት መሆኑ ቀርቶ ተመልካች ሆነ። ተመልካች ደግሞ ፕሮግራሙ ሞቅ ካላለ ይሄዳል፣ ምን ታደርገዋለህ።

እንዳትቆጣኝ እንጂ ጉባኤህም ተመልካች ነው የሚያበዛልህ። ይሄን የምልህ በሰው ፈርጄ አይደለም፣ እኔው ራሴ አድርጌው አይቼዋለሁ። አዲስ አበባ እያለሁ በአንድ ደብር የጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ፣ ብር ሰበሰብን፣ ድንኳን ጣልን፣ ቲሸርት አሠራን፣ ስሙ የገነነ ሰባኪ መጣ፣ አጥሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠለጠለ፣ ዓይናችን እንባ አቀረረ፣ ይኸው መነቃቃት ተባባልን። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ገብቼ ከወንዶች በኩል ያለውን ቆጠርኩ፣ ከአገልጋዩ ውጪ 11 ሰው። ያ ሁሉ ሕዝብ የሰባኪው እንጂ የደብሩ አልነበረም፣ እሱ ወደሚቀጥለው ከተማ ሲሄድ አብሮት ሄደ። ለኛ የቀረልን የድንኳን ኪራይ ዕዳ ነበር፣ እሱን ስንከፍል ስድስት ወር ፈጀብን፣ በሱ የተነሳም ኮሚቴው ተጣልቶ ተበተነ።

አንተ «ቤተ ክርስቲያናችን ለምን ቀዘቀዘች» ስትል የኤፌሶን ነገር ትዝ አለኝ። ዮሐንስ በራእዩ ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን የጻፈውን አንብበው፣ ምዕራፍ 2 ላይ ነው። ሥራሽን ድካምሽን ትዕግሥትሽን አውቃለሁ ነው የሚላት፣ ሐሰተኞቹን መርምራ የለየች ናት፣ ሰነፍ አይደለችም። የቀደመውን ፍቅርህን ትተሃል ይልና መድኃኒቱን ሲናገር ግን ሙቅ ተሰማህ፣ ተቀስቀስ አይልም። ከወዴት እንደወደቅህ አስብ፣ ንስሐ ግባ፣ የቀደመውን ሥራህን አድርግ ነው የሚለው። ሥራህን! ፍቅሩ በሥራው ተከትሎ ይመጣል ማለት ነው እኔ እንደገባኝ። ኤፌሶን እንኳን ጳውሎስ ሦስት ዓመት እያለቀሰ ያስተማረባት፣ በ431 እ.ኤ.አ. 200ው ሊቃውንት የተሰበሰቡባት ከተማ ናት፣ ዛሬ ቱርክ አገር ፍርስራሽ ነው ያለው፣ ቱሪስት ነው የሚገባባት። ከተማዋን ደግሞ ጠላት ብቻ አይደለም ያጠፋት፣ ወንዙ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ደለል እያመጣ ወደቧን ደፈነው፣ ባሕሩ ራቃት፣ ሰዉም ተከትሎ ሄደ። የዛሬ ዓመት ከነበረው ዘንድሮ ምን ያህል እንደጨመረ ማንም አላስተዋለም ይሆናል።

ኖቢያን ደግሞ እይ፣ ጎረቤታችን ናት፣ የዛሬዋ ሱዳን። ወደ ሺህ ዓመት ገደማ ክርስቲያን ነገሥታት ነበሩባት፣ ፋራስ የሚባል ቦታ ላይ የተገኙት የግድግዳ ሥዕሎች የሚያስደንቁ ናቸው። አልቫሬዝ የሚባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት እያለ ስድስት የኖቢያ ሰዎች መጥተው ቄስና መነኩሴ ስጡን፣ የሚያስተምረን የለንም ብለው ሲለምኑ አይቷል። ንጉሡ ምን አሉ መሰለህ፣ እኔ ራሴ ጳጳሴን ከእስክንድርያ ነው የማስመጣው፣ ሌላው የሚሰጠኝን እንዴት አድርጌ ለናንተ ልስጥ አሏቸው፣ ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን አዝነው ተመለሱ። ሕንፃው ነበራቸው እኮ! አልቫሬዝ ራሱ ከሶርያ የመጣ ሰው እዛ አገር 150 አብያተ ክርስቲያናት አሉ፣ ግድግዳቸው ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለበት ብሎ እንደነገረው ጽፏል። ያጡት በውስጡ ቆሞ የሚቀድስ የራሳቸውን ልጅ ነው። ስለ ጉልላቱ ከአስተዳዳሪው ጋር ስትጨቃጨቁ ይቺን አስባት።

ይሄ ደግሞ የኛ የኦርቶዶክሶች ጣጣ ብቻ እንዳይመስልህ። ከሸዋ ሮቢት አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ጽፋልኝ ነበር፣ የሷ ደግሞ በየቤቱ የነበረው የጸሎት ኅብረት ቀርቶ ሁሉ ነገር እሑድ መድረክ ላይ ካሉት አምስት ስድስት ሰዎች ትከሻ ላይ ወደቀ፣ እነሱ ሲጣሉ ቤተ ክርስቲያኗ ለሁለት ተከፈለች። ሥርዓቱ ይለያያል እንጂ በሽታው ያው ነው።

እሺ ምን ላድርግ ትለኛለህ። መጀመሪያ አንድ ወረቀት ያዝና በአጥቢያህ ያሉትን ከ7 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ልጆች በስም ጻፍ፣ በግምት አይደለም፣ ቤት ለቤት ዞረህ። ፊደል የለየ፣ ንባብ የጀመረ፣ ዳዊት የያዘ እያልክ። እኔ ስገምት ከ30 እስከ 40 ልጅ ታገኛለህ፣ ዳዊት የያዘ ግን አንድም ላታገኝ ትችላለህ፣ እንዳትደነግጥ። ቃለ ዓዋዲው ሰንበት ት/ቤትን ከ4 እስከ 30 ዓመት ነው የሚለው፣ አንተ 28 ነህ፣ ሁለት ዓመት ነው የቀረህ ማለት ነው፣ ከዛ ማን ሊሰበስብ ነው?

ሁለተኛው ብሩ ነው። 150 ሺህ ብር ለሦስት ቀን ከምታቃጥሉት ለአንድ የኔታ በወር 5 ሺህ ብር ብታስቡ 30 ወር ያኖራቸዋል፣ እህሉን ገብሱን ባቄላውን ሕዝቡ በቁና ያዋጣል፣ ጎጆውን በደቦ ትሠራላችሁ። 30 ወር ማለት ሁለት ዓመት ተኩል ነው፣ ጎበዝ ልጅ ከፊደል ተነስቶ ዳዊት ደግሞ፣ ግብረ ዲቁና (የዲያቆኑን የቅዳሴ ድርሻ) ተምሮ፣ ጳጳሱ ዘንድ ለመቅረብ ይበቃል። ከ40 ልጅ 5 ቢወጣልህ ደብርህ ዳነ። ያዋጣው ሰው ግን ለጉባኤ ብሎ ነው የሰጠው፣ ስለዚህ ዝም ብለህ እንዳታዞረው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውደ ምሕረቱ ላይ ቆመህ ንገረው፣ ገንዘቤን መልሱ ያለም ካለ መልስለት። የሒሳብ ነገር ከተነሳ አይቀር የደብሩ ገቢና ወጪ በየሦስት ወሩ በቃል ለሕዝብ ቢነበብ ጥሩ ነው፣ ሙዳየ ምጽዋቱ የት እንደሚገባ ያላወቀ ገበሬ ድሮም እጁ አይፈታም።

ዲያቆኑስ እስከዛ? ፋብሪካ የገቡትን ሦስቱን ልጆች ደውልላቸው፣ ዲቁና ያላቸው አሉበት ብዬ ነው። ሺፍታቸውን ጠይቀህ የእያንዳንዳቸውን ክፍት እሑድ በወረቀት አውጣ፣ የጎደለው አንድ ዲያቆን ከሆነ በወር አንድ አንድ እሑድ ቢደርሳቸው እንኳ ሦስት እሑድ ተሸፈነ፣ የትራንስፖርቱን ሕዝቡ ይቻል። ቅዳሴ የሌለበት እሑድ ካለ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ይነገር፣ ያቺ እናት በከንቱ ዳገት አትውጣ። ጧፉንና ስንዴውንም ለቤቶች በተራ መልሱላቸው፣ መጀመሪያ ሳቅ ሊሉ ይችላሉ፣ ከሱቅ እየተገዛ ምን አለፋን የሚልም አይጠፋም፣ አንዲት ሁለት ባልቴት ከጀመሩት ግን ሌላው ይከተላል፣ የአገራችንን ሰው አውቀዋለሁ፣ ተራ አያልፍበትም።

አስተዳዳሪውን በተመለከተ፣ ኮሚቴ ይዘህ እንዳትሄድ። አንድ የሚያከብሯቸው ሽማግሌ አስቀድመህ ማታ ቤታቸው ግባ፣ መስቀል ተሳለም፣ «አባ ይፍቱኝ፣ አኩርፌዎት ነበር» በል። ክፉ ሰው ናቸው ብዬ አላስብም። ሕንፃ ይታያል፣ ለወረዳ ቤተ ክህነት ሪፖርት ይሆናል፣ ጳጳሱ መጥተው ይባርኩታል፣ ዳዊት የያዘ ልጅ ግን በየትኛው ሪፖርት ነው የሚጻፈው? እሳቸውም እኮ ሰሞነኛ (ተረኛ አገልጋይ) ሲጎድል በሌሊት ተነስተው ስልክ የሚደውሉት ናቸው፣ አንተ ወንጌል ከተነበበ በኋላ ስትደርስ እሳቸው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ቆመዋል። እሷንም አይቻታለሁ፣ የጻፍካትን። ንስሐ አባትህን መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘኸው? ሕዝቡን እንቀስቅስ ስትል እኔ የሰማሁት ራስህን ነው፣ አይክፋህ። የሚቀጥለው እሑድ ኪዳን ላይ ድረስ፣ ከዛች ጀምር፣ ለማንም አትናገር።

ደብረ ብርሃን ልግባ ላልከው፣ ለእንጀራ ከሆነ ግባ፣ ማንም አይፈርድብህም፣ እኔም ገብቼ ነው የምጽፍልህ። ሞቅ ያለ ደብር ፍለጋ ከሆነ ግን አውቀህ ግባ፣ እዛ የምታየው ሙቀት ግማሹ ካንተ ዓይነት ደብር የሄደ ልጅ ነው። ከመዘምራኑ መሀል ገብተህ ከየት ነህ ብለህ ብትጠይቅ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከሰላ ድንጋይ ነው የሚሉህ። ከገባህም እንደ ፋብሪካ ልጆቹ ተራህን ያዝ፣ በወር አንዷን እሑድ ያንተ አድርጋት።

አሁን ያንን እረኛ ልጅ አግኘው፣ ደወል የሚደውለውን። ማንም ሳይልከው በውርጭ ቀድሞ ይመጣል ብለሃል፣ ፊደል ለይቷል ወይ አላልከኝም። ከብቱን ማን ይጠብቅለት የሚለውን ከአባቱ ጋር ተነጋገሩበት፣ ልጆቹ በየተራ ቢያግዱ ከሰዓት በኋላውን የኔታ ዘንድ ይውላል። የኔታው እስኪገኙም አንተ አለህ፣ ሀ ሁ ለማስቆጠር ሰባኪ ከአዲስ አበባ አይመጣም። ባነሩን ደግሞ ታትሟል ብለሃልና እንዳትጥሉት፣ ጀርባው ነጭ ነው፣ በወፍራም ቀለም ፊደል ጽፋችሁበት ዛፏ ላይ ስቀሉት፣ እናንተ መዝሙር ያጠናችሁባት ዛፍ እስካሁን ካለች።